የአቶ ኃይለመስቀል ማርከሻ

ኃይለመስቀል ከሳንባ በሽታው መዳኑን መጀመሪያ የነገረው ለሐኪም አይደለም፤ ለቁልቢ ገብርኤል ነው። በታኅሣሥ ንግሥ ዕለት፣ ያ ሁሉ ምእመን ቆሞ እያየው፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሶ፣ የስለቱን ጃንጥላ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ፣ «ደም እተፋ ነበር! የአልጋ ቁራኛ ሆኜ ነበር! ይኸው ዛሬ በገዛ እግሬ ከሐረር መጣሁ!» ብሎ ሲጮህ፣ አጠገቡ የቆመችው ሚስቱ ጽጌ እልልታዋን አቀለጠችው። ከሐረር የመጣው በአውቶቡስ መሆኑን ታውቃለች። ግን ከአውቶቡሱ ወርዶ ዳገቱን የወጣው በገዛ እግሩ ስለሆነ፣ ይህን ያህል ውሸት አይባልም ብላ አለፈችው።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ነበሩ። ስለቱም ነበር፣ መርፌውም ነበር። ስለቱን የተሳለችው ጽጌ ናት፤ በመስከረም፣ ባሏ ጓሮ ተደብቆ ደም የነካው መሐረቡን ሲያጥብ ያገኘችው ዕለት። በጥቅምት ደግሞ እሷ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ እሱ ባርኔጣውን እስከ ጆሮው ደፍቶ፣ ወደ ሳንባ ክሊኒኩ ሄዱ። ሰው እንዳያያቸው በጓሮ በር ነበር የገቡት። የሳንባ በሽተኛ ሁሉ በጓሮ በር መግባት ስለሚመርጥ ዋናው በር ጭር ሲል ግርግሩ ያለው ጓሮ ነበር። ኃይለመስቀል እዚያ አንድ የሚያውቀውን የፍርድ ቤት ጸሐፊ አገኘ። ሁለቱም ግድግዳውን ሲመለከቱ ቆይተው እንዳልተያዩ ሆነው ተለያዩ።

የክሊኒኩ ድሬሰር አቶ እንደሻው የሚባል ነው፤ ድምፁ ጎርናና፣ ፊቱ ሁልጊዜ የተቆጣ። «መርፌው በየቀኑ ነው» አለ። «በመርፌው ቶሎ ይሻልዎታል። ጉዱ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ክኒኑ ከዓመት በላይ ይዋጣል። ደህና ሆንኩ ብሎ ያቆመ ሰው፣ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶት ተመልሶ ይመጣበታል። ገባዎት?»

«እሺ» አለ ኃይለመስቀል። እዚያ ቤት እሺ የማይል በሽተኛ የለም።

እንደተባለውም መርፌው ሥራውን ሠራ። በኅዳር ሳሉ ቆመ፣ ሆዱ ተከፈተ፣ ጉንጩ ሞላ። በታኅሣሥ ጃንጥላው ተገዝቶ ስለቱ ገባ። ከቁልቢ በተመለሱ ማግስት ጽጌ እንደ ልማዷ ክኒኑን ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር አቀረበችለት። ኃይለመስቀል ጊንጥ የቀረበለት ያህል ወደኋላ ሸሸ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ክኒኑ ነዋ።»

«በሕዝብ ፊት ድኛለሁ ብዬ መስክሬ፣ ተመልሼ ክኒን ልዋጥ? ገብርኤልን ውሸታም ላደርገው ነው?»

«ገብርኤል ምን አደረገህ? ዓመት ያለው ድሬሰሩ ነው።»

«እኮ! ድሬሰሩ ይበልጣል፣ ገብርኤል?»

ለዚህ ጥያቄ በክርስቲያን ቤት መልስ አይሰጥም። ኃይለመስቀል ክኒኑን እንዳለ ምድጃ ውስጥ ጨመረው፤ ጽጌም አንገቷን ደፍታ ብርጭቆውን መለሰች።

ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻለው። በገብርኤል ማኅበር በየወሩ ይመሰክራል፤ ልቅሶ ቤት ይመሰክራል፤ በሚሠራበት በማዘጋጃ ቤቱ ዕቃ ቤት ጥፍርና መዶሻ ሊወስድ የመጣውን ሁሉ አቁሞ ይመሰክራል። በመሰከረ ቁጥር የተፋው ደም ይጨምራል። በገና ጊዜ መሐረብ የነከረ ነበር፣ በጥምቀት ሳፋ ሞላ፣ ለአስተርእዮ ማርያም ባልዲ ደረሰ። በሸዋ በር ሲያልፍ «ገብርኤል ያዳነው ሰውዬ» እያሉ በጣት ያሳዩታል። ክሊኒኩ ያለው ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ ነው። ልቡ ቢፈቅድ እንኳ አሁን በየትኛው ፊቱ ይገባል? የጓሮ በሩም ቢሆን ለእንዲህ ያለ ታዋቂ ሰው አይሆንም።

ጽጌ ግን ከጎኑ ተኝታ ትንፋሹን ማዳመጥ ጀመረች። ጆሮዋ ደረቱ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ባሌ ድኗል ብሎ እፎይ ይል ነበር። እሷ ግን ፋጡማን ታውቃለች።

ፋጡማ በጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ሻጭ ናት፤ ጽጌ ከጋብቻዋ ጀምሮ ከሌላ ሰው በርበሬ ገዝታ አታውቅም። አንድ ቀን ቅመም ልትገዛ ስትሄድ፣

«ያ ባልሽ እንዴት ነው?» አለቻት ፋጡማ።

«ወፈረ። ቀበቶው አልደርስ ብሎታል።»

«ክኒኑንስ?»

«ተወው።»

ፋጡማ የያዘችውን መስፈሪያ አስቀመጠች። «ዑመርም እንዲሁ ነበር የወፈረው፣ ረሒመሁላህ» አለች።

የፋጡማ ሟች ባል ዑመር ከከተማው ወጣ ብሎ ጫትና ማሽላ የነበረው ገበሬ ነው። እሱም መርፌውን ተወግቶ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ረመዳን ገባ፤ ፆሜን በክኒን አላፈርስም አለ። ረመዳን ሲወጣ ጫቱ ደርሶ ነበርና ማሳዬን ጥዬ ወዴት እሄዳለሁ አለ። ጫቱ ተሸጦ ሲያልቅ ደግሞ እኔ ደህና ነኝ፣ ክኒን ለምኔ አለ። በክረምት ሳሉ ተመልሶ መጣ። በቃሬዛ ክሊኒክ አደረሱት። ያ መጀመሪያ አንሥቶት የነበረው መርፌ አሁን ውሃ ሆነበት፤ ቢወጉት ቢወጉት ፈቀቅ አላለም። ክረምቱ ሳይወጣ ተቀበረ።

«ወላሂ ጽጌዬ፣» አለች ፋጡማ፣ «ይህን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ እንደ ሕፃን አፍንጫውን ይዤ እግተው ነበር። ሲሻው ይፍታኝ። የፈታኝ ባል በሕይወት አለ ማለት እኮ ነው።»

ጽጌ በርበሬውን ሳትይዝ ተነሣች፤ ፋጡማ ተከትላት አስያዘቻት።

በማግስቱ ብቻዋን ክሊኒክ ሄደች። አቶ እንደሻው ገና ሲያያት ፊቱን አኮማተረ።

«በሽተኛው የታለ?»

«ሥራ በዝቶበት ነው።»

«ሥራ የማይበዛበት በሽተኛ አይቼ አላውቅም። እመቤቴ፣ ደንቡ በሽተኛው ራሱ ይምጣ ነው የሚለው።»

«ደንቡን ያወጣው ሰው የእኔን ባል አያውቀውማ።»

«እኔ ግን አውቀዋለሁ» አለ አቶ እንደሻው። «ቁልቢ ላይ ከመሰከረ ወዲህ ስንቱ በሽተኛዬ መርፌውን ጥሎ ጃንጥላ ሊገዛ እንደሄደ ያውቃሉ? ታቦቱ ስለቱን ተቀበለ እንጂ መድኃኒት አቁሙ ብሏል? እኔስ ክርስቲያን አይደለሁም?» ሲያጉረመርም ቆይቶ ግን ክኒኑን ቆጥሮ ሰጣት። «ሲውጠው በዓይንዎ ያያሉ?»

«በዓይኔ አያለሁ» አለች ጽጌ።

ያልዋሸችበት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ከፋጡማ አብሽ ገዝታ ዘፈዘፈች። አብሽ በተፈጥሮው መራራ ነው፤ ማር ቢጨመርበትም መራራነቱን አይለቅም። ክኒኑን በድንጋይ ታልመዋለች፣ አብሹ ላይ ትነሰንሰዋለች፣ ትመታዋለች፣ ለባሏ ጧት ጧት ትሰጠዋለች።

«ምነው ዛሬ ደግሞ እንዲህ መረረ?» አለ የመጀመሪያ ቀን።

«አብሽ ነው። ለደረት ጥሩ ነው።»

«ደረቴማ ድኗል!»

«ለወገብም ጥሩ ነው።»

ኃይለመስቀል ትንሽ አሰበና እስከ አተላው ጨለጠው። ማኅበር ለማኅበር ሲዞር ለካ ወገቡን ያመው ነበር።

እንዲህ ሆኖ ወራት አለፉ። ዐቢይ ጾም ገባ፣ አብሽ የጾም ነው፣ ለወገብም መድኃኒት ነውና አልተቋረጠም። ፋሲካ ወጣ። ኃይለመስቀል መንገድ እስኪጠበው ወፈረ። ሌላም ነገር መጣ። ይህ ሰው ከጋብቻው ጀምሮ ከሥራ ሲወጣ ቀጥታ ጠጅ ቤት የሚሄድ፣ ቤቱ የሚገባው ውሻና ጅብ በሚፋጠጡበት ሰዓት ነበር። አሁን ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ከች ይላል። አንድ ቀን ሻሽ ገዝቶ መጣ። ሌላ ቀን በሰው ፊት «ጽጌዬ» ብሎ ጠራት፤ እሷም የምትገባበት አጣች። ሞት በር ላይ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሚስቱን እንደ አዲስ ቢያያት ምን ይገርማል? ጎረቤታቸውን ወርቁን ግን ገረመው። ወርቁ የጠጅ ጓደኛውን ያጣ ሰው ነው፤ ከዚያም በላይ በሐረርና በአካባቢው የተደረገውን መተት፣ ድግምትና መስተፋቅር ሁሉ አውቃለሁ ባይ ነው።

«ሰውዬ፣» ይለዋል፣ «ምን አብልታህ ነው?»

ኃይለመስቀል ይስቃል። ነገሩ ግን ጆሮው ውስጥ ቀረ።

በግንቦት አንድ ጧት የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ረስቶ ከመንገድ ተመለሰ። ቀልቡ አንድ ነገር ብሎት ይሁን ወይም ርቦት፣ ወደ ማድ ቤቱ አዘገመ። በተገረበበው በር ሲያይ ሚስቱ ነጭ ነገር በድንጋይ ትፈጫለች። ብናኙን በጣቷ ጠርጋ፣ ለነገው ብላ፣ እሱ በሚጠጣበት ዋንጫ ውስጥ አራገፈችው። አማተበችበት። ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። የምትለው «ገብርኤል ሆይ፣ አንተው ጀምረኸዋልና አንተው ጨርስልኝ» ነበር፤ ኃይለመስቀል የሰማው ግን ሹክሹክታውን ብቻ ነው።

«መስተፋቅር!» ብሎ ጮኸ። «መስተፋቅር አበላችኝ! ጎረቤት!»

ጽጌ መጀመሪያ ምን እንደሚል አልገባትም። ሲገባት ሳቋ መጣ። እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተች። የክኒኑ ወረቀት መቀነቷ ሥር ነበር፤ ማውጣት ብቻ ነው። ከዚያ ምን ይሆናል? ኃይለመስቀል ክኒኑን ምድጃ ውስጥ ይጨምረዋል። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱን ዋንጫ አሽትቶ ይጠጣል። ገና ደግሞ ስንት ወር ይቀራል። የዑመር ቃሬዛ ታየቻት። አፏን መልሳ ዘጋች። ዝምታዋ እንደ እምነት ቃል ተቆጠረባት፤ ወርቁም አጥር ዘሎ ደረሰ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሰብሳቢው የነፍስ አባታቸው አባ ተክለጻድቅ ናቸው። ወርቁም ማንም ሳይጠራው ወንበር ስቦ ሽማግሌ ሆነ። ኃይለመስቀል ክሱን ቆሞ አሰማ።

«አባቴ፣ ከሥራ ስወጣ እግሬ ሳላዝዘው ወደ ቤት ይወስደኛል! ጠጅ ቤት ብቀመጥ እሷ ትዝ ትለኛለች፣ ጠጁ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል! የእሷ ሽሮ ካልሆነ አይጥመኝም! ባለፈው ሳምንት እንዲያውም…» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለፈው ሳምንት ተኝታ ሳያት እንባዬ መጣ። እኔ! እኔ እንዲህ ያለሁ ሰው ነበርኩ?»

«አልነበርክም!» አለ ወርቁ።

አባ ተክለጻድቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ያህል ዘመን አብሮ የኖረ ባል እንዲህ መሆኑ ጤና አለመሆኑን ሁሉም ተስማሙ። ጽጌ መሬት መሬት እያየች ተቀምጣለች። ባሏ ተኝታ እያያት ማልቀሱን ያን ጊዜ ነው የሰማችው። በትዳሯ ሁሉ የተነገራት ትልቁ የፍቅር ቃል ይህ ነበር፤ የመጣላት ግን በክስ ነው።

«ልጄ ጽጌ፣» አሉ አባ ተክለጻድቅ፣ «እውነት ነው?»

ከዓይኗ ሥር ባሏን አየችው፤ ተቆጥቷል፣ ፊቱ ቀልቷል፣ ሲጮህ ቆይቶ አንዴም እንኳ አላሳለም። ይህ ደረት እንዲህ እንዲቀጥል የማትከፍለው ነገር አልነበረም።

«እውነት ነው አባ» አለች።

«መስተፋቅር ነው?»

«መስተፋቅር ነው።»

ቤቱ ተንጫጫ። ጽጌ ጫጫታው እስኪበርድ ጠብቃ፣ እንደምንም ድምፅዋን አጠንክራ ቀጠለች። «በደሌን አምናለሁ። ግን ድንገት አይቆምም። የሰጠችኝ ሴት፣ ማርከሻውን ካልወሰደ ደረቱን ይይዘዋል ብላኛለች።»

ኃይለመስቀል እጁን ደረቱ ላይ ጫነ።

«እውነቷን ነው!» አለ ወርቁ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ድሬዳዋ አንድ የማውቀው ሰው ማርከሻ ሳይወስድ ቢያቋርጥ እንደ ውሻ ጮኾ ነው የሞተ!» ጽጌ ይህን ወሬኛ ጎረቤት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደደችው።

«ማርከሻው ስንት ቀን ነው?» አለ ኃይለመስቀል በቀጠነ ድምፅ።

«በየቀኑ ጧት ጧት ነው። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ። አንድ ቀን ከተዘለለ እንደ አዲስ ይጀመራል።»

አባ ተክለጻድቅ ብዙ አሰቡ። ከጠንቋይ ቤት የወጣ ነገር ክርስቲያን አፍ ሲገባ ዝም ብለው አያዩም፤ ሰውየው በደረቱ ሲሞትም ዝም ብለው አያዩም። በመጨረሻ፣ ማርከሻው በጠበል እንዲበጠበጥ፣ እሳቸውም ጸሎት እንዲያደርጉበት፣ ኃይለመስቀል በዓይኑ እያየ ራሱ በጥብጦ እንዲጠጣው ወሰኑ። ጽጌን ከቅዱስ ቁርባን አገዷት፤ ስግደትም አዘዙባት። የመጨረሻው ፍርድ እስከ ማርከሻው ማለቂያ ይቆይ ተባለ። መስተፋቅሩ ሲለቀው ኃይለመስቀል ሚስቱን በገዛ ልቡ አይቶ ይወስናል፤ ከፈለገ ይቆያል፣ ካልፈለገ ይፈታታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሐረር ከተማ እንደ ኃይለመስቀል ያለ በሽተኛ አልታየም። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥቶ «ማርከሻዬ!» ይላል። ጽጌ በወረቀት የጠቀለለችውን ዱቄት ታቀብለዋለች፤ በጠበል በጥብጦ፣ ፊቱን አጨማድዶ፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ ይጠጣል። «ሲመርር ነው ነቅሎ የሚያወጣው» ይላል። ለሥራ ድሬዳዋ ሲላክ ዱቄቱን በኪሱ ይዞ ሄደ። በፍልሰታ ጾም አባ ተክለጻድቅ ቤት ገስግሶ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቆይ ይረክስብኝ ይሆን?» ብሎ ጠየቀ፤ እሳቸውም «ምግብ አይደለም፣ በጧት ውሰድ» አሉት። ድኛለሁ ብሎ ለሳንባው እንቢ ያለውን መድኃኒት፣ ከሚስቱ ፍቅር ለመዳን ሲሆን አንድ ቀን አልዘለለም።

ጽጌ ግን ዋጋዋን ከፈለች። ኃይለመስቀል አልጋውን ሳሎን አወጣ። እህቱ ትዕግሥት ምግብ ልታበስልለት መጣች፤ ከማርከሻው በቀር ከጽጌ እጅ ውሃ እንኳ አይቀበልም። በማኅበሩ ድግስ ሴቶቹ ድስት አያስነኳትም፤ እንጨትና ውሃ እንድታቀርብ ብቻ ያዟታል። ስግደቱን በየማታው ትሰግዳለች። ላልሠራችው ኃጢአት መስገድ መጀመሪያ አናደዳት፤ ኋላ ግን መዋሸቷም ኃጢአት ነውና ስግደቱን ወደዚያ አዞረችው። አንዳንድ ቀን ማድ ቤት ብቻዋን ተቀምጣ ክኒን ስትፈጭ ታለቅሳለች። «እንዲህ ወዶኝ ኖሯል ለካ» ትላለች። «ፍቅሬ እንዲነቀልለት ደግሞ በየቀኑ መራራ ይጠጣል።»

ከሁሉም የባሰች ጎረቤቷ ሙሉነሽ ናት። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጽጌን ስታይ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጥላ «ወግድ!» የምትል እሷ ነበረች። አንድ ማለዳ የጓሮ በር ተንኳኳ። ሙሉነሽ ናት። ግራ ቀኝ አይታ ገባች።

«ጽጌዬ፣ የእኔ እህት፣ ያቺ ሴትዮ የት ነው ያለችው?»

«የትኛዋ?»

«ያቺ መድኃኒተኛዋ! ያንቺ ባል እንኳን ማርከሻ እየጠጣ ዓይኑ ካንቺ ላይ አይነሣም። የእኔው ሳይጠጣም አያየኝ።»

ጽጌ ምን ትበል? ሴትየዋ አገር ለቃ ሄደች አለቻት። ሙሉነሽ እያዘነች ወጣች፤ በሚቀጥለው እሑድም እንደ ወትሮዋ «ወግድ!» አለቻት።

ታኅሣሥ ሲደርስ አቶ እንደሻው አክታ ያምጡ አለ። ማቆም የሚቻለው አክታው ተመርምሮ ንጹሕ ከሆነ ነው። ጽጌ ለባሏ፣ «ሴትየዋ መስተፋቅሩ መውጣቱን በጧት አክታህ ልየው ብላለች» አለችው። አገር ለቃ የሄደችው ሴትዮ ለዚህ ጊዜ ተመለሰች። ኃይለመስቀል የቅባት ቆርቆሮ አጥቦ ተዘጋጀ። ያ መሐረብ በደም ሲነክር የነበረ ሰው አሁን አክታ ከየት ያምጣ! ጧት ተነሥቶ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ያቃስታል፣ ደረቱን ይደበድባል፤ ጠብ የሚል የለም። ጽጌ ከበሩ ኋላ ቆማ ስትሰማ እግዜርን ታመሰግናለች። በስንት መከራ ተገኘ፤ ቆርቆሮውን በነጠላዋ ሸፍና ወሰደችው።

አቶ እንደሻው ከማጉያ መነጽሩ ላይ ቀና ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ተፈትቶ አየችው።

«ንጹሕ ነው! ከእሱ ጋር ከጀመሩት እስከ መጨረሻው የወሰደ እሱ ብቻ ነው። እባክዎ እመቤቴ፣ ምን ብለው ነው ያስዋጡት? ይንገሩኝና ለሌሎቹም ልንገር።»

«ብነግርዎ አይጠቅምዎትም» አለች ጽጌ።

«ለምን?»

«ደንብዎ ውስጥ አይገባልዎትም።»

መንገዱን ሁሉ እየሮጠች ነው የተመለሰችው። ባሌ አይሞትም፣ ባሌ አይሞትም እያለች። ቤት ስትደርስ ግን ደጃፉ ላይ ቆመች። ማርከሻው አልቋል ማለት ፍርዱ ደርሷል ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ተቀመጡ። አባ ተክለጻድቅ መስቀላቸውን አውጥተው ኃይለመስቀልን ባረኩት። «እንግዲህ ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ሰው ነህ። ሚስትህን በገዛ ልብህ እያት። ብትፈታት ማንም አይወቅስህም፤ በደሏን ራሷ አምናለች። ምን ትላለህ?»

ኃይለመስቀል ተነሥቶ ቆመ። ወደ ጽጌ ዞረ። ጽጌ ቀና ብላ ለማየት ፈርታ ጫማውን ጫማውን አየች። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢሄድስ? ይሂድ፣ ይኑር ብቻ ልትል ፈለገች፤ ፋጡማ ብትሆን ያለ ጥርጥር ትላለች። እሷ ግን አልቻለችም። እንዲሄድባት አልፈለገችም።

«አባቴ» አለ ኃይለመስቀል። ግንባሩ ላብ አውጥቷል። «አልሠራም።»

«ምኑ?»

«ማርከሻው። አንድ ቀን ሳልዘልል ጠጥቼዋለሁ፣ ምስክሬ ትዕግሥት ናት። አልለቀቀኝም። ትናንትም ከሥራ ስወጣ እግሬ ወደዚሁ ነው ያመጣኝ። ሌሊት ሳሎን ተኝቼ በግድግዳው በኩል ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ጧት ያንን መራራ ስጨልጥ እንኳ የማስበው ማን እንደሚያቀብለኝ ነው።»

«እንደ አዲስ ይጀመር!» አለ ወርቁ።

ጽጌ ክው አለች።

«የለም፣» አለ ኃይለመስቀል፣ «በቃኝ። ከሳንባው ገብርኤል አድኖኛል። ከዚህኛው ግን አልዳንኩም። የማይድን በሽታ ያለበት ሰው ምን ያደርጋል? ችሎ ይኖራል። እኔም ችዬው እኖራለሁ። ጽጌ፣» አለ ደረቱን ነፍቶ፣ ድምፁን ሰብሮ፣ «ይቅር ብዬሻለሁ።»

አባ ተክለጻድቅ እንባቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ጠረጉ። ወርቁ «እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ። ትዕግሥት እልል አለች። የጽጌ ደም ፈላ። እሷ ናት ይቅር የምትባለው! ያን ሁሉ የክሊኒክ መንገድ የተመላለሰችው፣ ያን ሁሉ ክኒን የፈጨችው፣ ያን ሁሉ «ወግድ» የተቀበለችው! አሁን መናገር ትችላለች፤ በሽታው ወጥቷል፣ መድኃኒቱ አልቋል፣ የሚቋረጥ ነገር የለም። አንድ ቃል ብትናገር ፍቅሩ የገዛ ራሱ እንደሆነ ያውቃል። ግን በዚያው ቃል ቁልቢ ላይ የቆመበት ድንጋይ ከእግሩ ሥር ይወሰዳል፤ ያለ ምስክርነቱ ደግሞ ኃይለመስቀል ምን ቀረው? ባሏን ታውቀዋለች። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ቢሉት የቱን እንደሚመርጥ መጠየቅ አልፈለገችም።

ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች። ተናዳለች፤ ደስም ብሏታል፤ እንዲህ የተደሰተችበትን ቀን አታስታውስም።

ትዕግሥት ለወንድሟ ምሳውን ለብቻው አቀረበችለት። ኃይለመስቀል ትሪውን ገፋ አድርጎ ጽጌን ጠራት። አጠገቡ አስቀመጣትና፣ ሽማግሌዎቹ እያዩት፣ አፉን ከፍቶ ጠበቀ። ጽጌ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰችው። ኃይለመስቀል ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ፣ ዋጠ፣ ምን እንዳለበትም አልጠየቃትም።